«እርማት» እያልን የምንጣላው ለምንድን ነው?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ዙልሒጃ በገባ ቁጥር በጀመዓ የቴሌግራም ግሩፖች ላይ የማይቀር አንድ ንትርክ አለ። አንዲት እህት «እንኳን ለአረፋ በዓል አደረሳችሁ፤ ወደ ቡታጅራ ለመሄድ የመኪና ገንዘብ ያጠራችሁ ካላችሁ በውስጥ አናግሩኝ» ብላ ትጽፋለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከሥሩ «እርማት፦ አረፋ በዓል አይደለም። አረፋ የዙልሒጃ 9ኛው ቀን ነው፤ በዓሉ በ10ኛው ቀን የሚውለው ዒዱል አድሓ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለተኛው «እዚህ ሀገር በዓሉ አረፋ ነው የሚባለው፤ ካላመንክ እናትህን ጠይቅ» ይላል። ሦስተኛው «እናት ለምን ትነሳለች?» ብሎ ይቆጣል። አራተኛው ልማድ በሸሪዓ ያለውን ቦታ የሚያብራራ የአንድ ሰዓት የድምፅ ትምህርት ይለጥፋል። ሌሊቱ ሲጋመስ ገንዘብ ያጠራቸው ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

እርማቱ ስህተት አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። ሑጃጁ በዐረፋ ሜዳ የሚቆሙበት ቀን 9ኛው ነው፤ ዒዱ በማግስቱ ነው። ይሁንና በጉራጌም በስልጤም ምድር «አረፋ» ሲባል፣ መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሀገር ቤት የሚገባው ነጋዴ፣ ቅቤዋንና ቆጮዋን ስታሰናዳ የከረመች እናት፣ ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ዘመዶች ሁሉ የሚገናኙበት የዚያ ታላቅ በዓል ስም ነው። እናቶቻችን የትኛው ቀን እንደሚጾምና የትኛው ቀን እንደሚታረድ ግራ ገብቷቸው አያውቅም። ስለዚህ አራሚው ያረመው ማንም ያልተሳሳተውን ስህተት ነው።

ሌላም አለ። «ኢንሻአላህ» ገጥመህ ከጻፍክ ትርጉሙ ይበላሻል፤ «ኢን ሻአ አላህ» ብለህ ለያይተህ ጻፍ የሚል መልእክት ስንት ጊዜ ደርሷችኋል? ነገሩ መነሻ አለው፤ በዐረብኛ አጻጻፍ ሁለቱ ቃላት ሲገጠሙና ሲለያዩ ፍቺያቸው ይለያያል። እኛ ግን የጻፍነው በግዕዝ ፊደል፣ ለአማርኛ አንባቢ ነው። ደግሞ «ሐላል» በየትኛው «ሐ» ይጻፍ፣ «ዒድ» በ«ዐ» ነው ወይስ በ«አ» የሚለው አለ። ሁለቱን ድምፆች በአማርኛ ንግግሩ የማይለይ ሰው፣ ሌላው በጽሑፍ ስላልለያቸው ሲገስጽ ማየት፣ አላህ ይማረን እንጂ፣ ያስቃል።

ይህ ባሕርይ ቴሌግራም ያመጣው አይደለም። በ505 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያኡ ዑሉሚድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው ውስጥ ስለ ምላስ አደጋዎች ሲጽፉ «ሚራእ» የሚባለውን ለይተው ተርጉመውታል። በእሳቸው ዘንድ ሚራእ ማለት የሌላውን ሰው ንግግር እንከን እያወጡ መንቀፍ ነው፤ እንከኑም በሦስት ቦታ ይፈለጋል፦ በቃሉ ላይ፣ በትርጉሙ ላይ፣ ወይም በተናጋሪው ዓላማ ላይ። ከ900 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ክፍፍል የአንድን ምሽት ጭቅጭቅ አካሄድ በትክክል ያሳያል። ሲጀመር በቃል ነው፤ «አረፋ» ወይስ «ዒድ»። ከዚያ ወደ ትርጉም ይሻገራል፤ «እንዲህ ካልክማ ሸሪዓው ለልማድ ይገዛል ማለትህ ነው»። መጨረሻ ላይ ዓላማው ላይ ያርፋል፤ «አንተማ የእነ እገሌ ሰው ነህ፤ ይህን የጻፍከው አውቀህ ነው»። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ክርክር ሲመለስ አይቼ አላውቅም። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማንም በማስረጃ ሊያሸንፍ አይችልምና።

ጉዳቱ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እኔ ባለሁበት ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ረጅም ላብ እንዳለው፣ አስር ሶላት እንደሚያልፍበት፣ ከዙህር ጋር አጣምሮ መስገድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የመጀመሪያው መልስ «አስር ቁጥር ነው፤ ሶላቱ ዐስር ይባላል» የሚል ነበር። ሁለተኛው መዝሀቡን ጠየቀው። ልጁ ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም። ሦስተኛው ፈትዋ በቴሌግራም አይጠየቅም አለ። ከዚያ ሁለት ከፍተኛ ክፍል የደረሱ ወንድሞች ተያያዙ፤ አንዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ አጣምረው መስገዳቸውን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ አመጣ፤ ሌላው ሐዲሱ በዑለማው ዘንድ እንዴት እንደተተረጎመ ተነተነ። ሁለቱም አንብበዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ላቡ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የጠየቀው ማንም አልነበረም። ላቡ የሚያልቀው 11 ሰዓት ተኩል ነበር! መግሪብ በእኛ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት በፊት አይገባም። ልጁ ሮጦ ውዱእ አድርጎ ዐስርን በወቅቱ ይሰግዳል። ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ ስለሆነ ወቅቱ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እንደሚዘልቅ፣ ያለ ምክንያት ማዘግየቱ የተጠላ ቢሆንም ለእንደ እሱ ዓይነቱ ግን ችግር እንደሌለው አላወቀም፤ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። በማግስቱ ከግሩፑ ወጣ። እንዲህ ያሉ ስንቶች ዝም ብለው እንደወጡ ማን ቆጠረ? በተለይ እህቶች። ጥያቄ ጽፈው የሚያጠፉት፣ ከዚያ ወዲያ የማይጽፉት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ለምን እንዲህ እንሆናለን? ብዙ ሰው «እውቀት ማነስ ነው» ወይም «ኩራት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ለዚህ ያህል ቀላል አይመስለኝም።

ኖርዝኮት ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ የስብሰባ ጨዋታ አለው። ኮሚቴው ፊት ሁለት ጉዳይ ቀርቧል፤ አንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈጅ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ሌላው ለሠራተኞች የብስክሌት ማቆሚያ ዳስ። ማመንጫው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ማንም አይገባውምና። የዳሱ ጣሪያ ከምን ይሠራ የሚለው ግን ስብሰባውን ይበላዋል፤ ጣሪያ የማያውቅ የለምና። የእኛም ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን በየትኛው ኮርስ እየወደቁ እንደሆነ፣ የማስጠናት መርሐ ግብሩን ማን እንደሚመራው ሲጠየቅ ግሩፑ ጭው ይላል። በማስታወቂያው ላይ «ሙሐደራ» በ«ሀ» ከተጻፈ ግን መቶ አራሚ ይነሳል። ትንሹ ነገር ላይ የምንረባረበው ትልቁን ስለናቅነው ላይሆን ይችላል፤ ትልቁ ላይ የምንለው ስለሌለን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተመልካቹ ነው። በዚህ ሀገር ክርክር ድሮም ትዕይንት ነበር። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ይደነቅ ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ የነገር አዋቂ ስም የሚወጣው በዚያ ነው። ነገር ግን ያ ሙግት ዳኛ ነበረው፣ ዋስ ነበረው፣ ተረታህ የሚባልበት ማብቂያ ነበረው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ፣ በክስታኔ ደግሞ የጎርደና ሴራ የሚባሉት የሽምግልና ሥርዓቶች እስከ ዛሬ የተከበሩት ሽማግሌዎቹ አፈ ጮማ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በሽምግልና ፊት አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ወደ ነገሩ ከመገባቱ በፊት ለውሳኔው የሚታዘዙበት ዋስ ይጠራል፤ ነገሩ ሲያልቅ እርቅ ይወርዳል። ቴሌግራም ከዚህ ሁሉ የወሰደው ተመልካቹን ብቻ ነው። ዳኛ የለም፤ ዋስ የለም፤ ማብቂያም የለም። አንዱ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ያኔ ያበቃል፤ እሱም መብራት እስኪመጣ ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ ስለ ሙናዞራ ሲጽፉ ካስቀመጧቸው መስፈርቶች አንዱ ክርክሩ በሰው መሐል ከሚሆን ይልቅ ለብቻ ሲሆን ለተከራካሪው የተወደደ መሆን አለበት የሚል ነው። ለብቻ ሲሆን ልብ ይሰበሰባል፤ ሰው ሲያይ ግን የማሸነፍ ፍላጎት ይነሳል፣ ሪያእም ይገባል። ሌላው መስፈርታቸው ተከራካሪው የጠፋበትን ከብት እንደሚፈልግ ሰው እንዲሆን ነው፤ እሱ ቢያገኘውም ጓደኛው ቢያገኘውም ደስታው እኩል ነው። ገጠር ያደጋችሁ ይህንን ታውቁታላችሁ። ጎረቤት የጠፋችውን ላም አግኝቶ ሲነዳ ቢመጣ «እኔ ነበርኩ ማግኘት ያለብኝ» ብሎ የተጣላው ሰው ታይቶ አይታወቅም።

አሁን ወደ ዋሱ ልመለስ። አቡ ኡማማ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክርክርን ለተወ ሰው፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም እንኳ፣ በጀነት ዳርቻ ላለ ቤት ዋሱ እኔ ነኝ ብለዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ እናውቀዋለን፤ ግን የምናነበው ለተሳሳተው ወገን የተነገረ ያህል ነው። «ዝም በል፣ ክርክር ተው» የምንለው ለባላንጣችን ነው። ሐዲሱ የሚናገረው ግን ትክክል ለሆነው ሰው ነው። የተሳሳተ ሰው ቢተውም የሚተወው ነገር የለውም። እንከን ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ አስቸጋሪውም ነገር ይኸው ነው። አረፋ 9ኛው ቀን ነው፤ ሙሐደራ በ«ሐ» ነው፤ እንዴት ይተወው? ትክክል መሆኑ ራሱ አላስተኛ ይለዋል። ተመልካች ባለበት መሸነፍ የመሰለውን ነገር ለመዋጥ ዋስ ያስፈልጋል፤ የተሰጠውም ዋስ ከየትኛውም ዋስ የሚበልጥ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኢሜይል የሚልኩት ቀልድ ይሁን ቁምነገር ተቀባዩ እንደሚለየው በጣም እርግጠኞች ነበሩ። ተቀባዮቹ በትክክል የለዩት ግን በጭፍን ከመገመት ብዙም ያልራቀ ነበር። ተመሳሳዩ ንግግር በድምፅ ሲላክ ግን ተለየ። በአማርኛ ይህ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?» የሚለው ጥያቄ በደግ ድምፅ ከተነገረ የመማር ጉጉት ነው፤ በጽሑፍ ካየኸው ዛቻ ይመስላል። «ደሊልህ ምንድን ነው?» ኡስታዙ ደረሳውን አስቀምጦ ሲጠይቀው ትምህርት ነው፤ ሌሊት 5 ሰዓት ስልክ ላይ ሲመጣ ጥፊ ነው።

በዚያ ላይ አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ጀመዓችን ውስጥ በቤቱ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐዲይኛ የሚናገር አለ። ቋንቋውን በትምህርት ቤት የለመደ ሰው አጭር አድርጎ ይጽፋል፤ «ተሳስተሃል» ብሎ ይዘጋል። «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው እንኳ እንዲህ ነበር፤ እስቲ አንተም እየው» ማለት በራሱ ቋንቋ ቢሆን አይከብደውም ነበር። ወሎ ያደገው ተማሪ ታላቁን «አንቱ» ብሎ ያከብራል፤ አዲስ አበባ ያደገው «እርስዎ» ይላል፤ አንዱ የሌላውን አክብሮት እንደ ፌዝ ሲቆጥረው ታዝቤአለሁ። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ገና ፈገግ ሲል ይገባው ነበር።

አራተኛው ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ነው። ካምፓስ ከየአካባቢው የመጣነውን በአንድ ሶፍ ያቆመናል። በጉራጌና በስልጤ ያደገው ብዙው ተማሪ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም፣ አሰጋገዱ በሻፊዒይ መዝሀብ ነው፤ በሱብሒ ሶላት ቁኑት ሲደረግ ነው ያደገው። ከወሎ የመጣው ደግሞ ሐነፊይ ሊሆን ይችላል፤ የዐስር ወቅት እንኳ በመዝሀቡ የታወቀው አቋም ዘግየት ይላል። ሁለቱም አባቱ ሲሰግድ ካየው የተለየ ነገር ሲያይ ይደነግጣል። ድንጋጤው ሐቀኛ ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዲኑ የተነካ ስለመሰለው ነው። ከዚያ አንድ ኪታብ ይጀምራል፤ ሦስት ደርስ ይሰማል፤ አዲስ ያገኘውን እውቀት የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ግሩፑ ደግሞ ቅርብ ነው። ሠላሳ ዓመት የቀሩ ሸይኽ «በዚህ ላይ ኺላፍ አለ» ብለው የሚያልፉትን፣ ሦስት ወር የተማረ ልጅ «ባጢል ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ለዚህ ከሲራ የምናውቀው ታሪክ በቂ ይመስለኛል። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ወደ በኒ ቁረይዛ ሲልኩ ዐስርን እዚያ ሳይደርሱ እንዳይሰግዱ አዘዟቸው። መንገድ ላይ ወቅቱ ደረሰ። ከፊሎቹ «የተፈለገው እንድንፈጥን ነው» ብለው ሰገዱ፤ ከፊሎቹ ቃሉን እንዳለ ይዘው እዚያ እስኪደርሱ አዘገዩት። ነገሩ ሲነገራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ናቸው ያስተላለፉት፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። የሚገርመኝ የተለያዩበት ጉዳይ ትንሽ አለመሆኑ ነው፤ ሶላት ነው፣ ወቅቱ ነው፣ ቀጥተኛ ትዕዛዝም ነበር። ሁለቱ ወገኖች ግን መንገዳቸውን አላቋረጡም፤ ዘመቻው አልቆመም።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ደግሞ ሚያዝያ 23 ቀን 2011 በአዲስ አበባ ሸራተን አዳራሽ የሆነውን አስታውሱ። ለብዙ ዓመታት ሱፊ፣ ሰለፊ እየተባባሉ በመስጂድ፣ በመጽሐፍ፣ በካሴት ሲወራረፉ የኖሩ ወገኖች ዑለማ አንድ ላይ ተቀምጠው የአንድነት ሰነድ አጸደቁ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስም መጅሊሱን እንዲመሩ ተመረጡ። ከዚያ ወዲያ አለመግባባት ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ እንዳልጠፋ ሁላችንም እናያለን። የማነሳው ስለ መንገዱ ነው። ያንን ያህል ርቀት የነበራቸው ሰዎች የተቀራረቡት ተጻጽፈው አይደለም፤ አንድ አዳራሽ ገብተው ፊት ለፊት ተያይተው ነው። እኛ አንድ ዶርም እያደርን፣ ላይኛው አልጋ ላይ የተኛው ታችኛው ላይ ለተኛው በስልክ መልስ እንጽፋለን!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። «ክርክር ተዉ» የሚለው ቃል በኃላፊነት ላይ ላለ ሰው በጣም ይመቻል። የረመዳን ኢፍጣር መዋጮ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ ተብሎ ሲጠየቅ «ፊትና አታንሱ» ብሎ መልእክቱን የሚያጠፋ አድሚን ካለ፣ እሱ አደብ አላስተማረም፤ ከጥያቄ አመለጠ እንጂ። እህቶች የሶላት ቦታቸው እንደጠበባቸው ደጋግመው ሲጽፉ «ሰብር አድርጉ» ማለትም እንደዚያው ነው። ቁርኣን ውስጥ በተከራካሪዋ ሴት ስም የተሰየመ ሱራ አለ፤ አል-ሙጃደላ። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በጃሂሊያ ልማድ እንደ እናቴ ነሽ ብሎ ስለራቃት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ተከራከረች፤ ደጋግማም አቤት አለች። አላህ (ሱ.ወ) ሰማት፤ ሕጉም በእሷ ምክንያት ወረደ። ዝም በዪ አልተባለችም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ኸውላ የጠየቀችው ቤቷ ሊፈርስ ስለሆነ ነው፤ የጠየቀችውም መልስ መስጠት የሚችለውን አካል ነው፤ መልሱም ሲመጣ ነገሩ አለቀ። የእኛ የሌሊት እሰጥ አገባ ሦስቱንም አያሟላም። ማንም ላይ ቤት አይፈርስም፤ የምንጠይቀው መልስ ያለውን ሰው አይደለም፤ መልሱ ቢመጣም አያልቅም። ለራሴ መለኪያ ያደረግኩት ይህን ነው። ሒሳብ የጠየቀ ወንድም ሦስቱን ያሟላል፤ «ሙሐደራ»ን ያረመ አያሟላም።

በየጁምዓው ሱረቱል ካህፍን እንቀራለን። በ22ኛው አንቀጽ ላይ ሰዎች የዋሻውን ባለቤቶች ቁጥር እንዴት እንደሚከራከሩበት ይነገራል፤ ሦስት ናቸው አራተኛው ውሻቸው፣ አምስት ናቸው፣ ሰባት ናቸው ይላሉ። አላህ ቁጥራቸውን እሱ እንደሚያውቅ፣ ከሰውም የሚያውቁት ጥቂቶች መሆናቸውን ነግሮ፣ መልእክተኛው በነሱ ጉዳይ ግልጽ ከሆነው በላይ እንዳይከራከሩ ያዛቸዋል። ወጣቶቹ ለእምነታቸው ሲሉ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው፤ ሰዎቹ የያዙት ግን ውሻው ስንተኛ ነው የሚለውን ነው። የጁምዓ ቀን ጠዋት አንቀጹን ቀርተን፣ ከሰዓት በኋላ «ጁምዓ ሙባረክ» ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም ወደሚለው እንመለሳለን።

ለጀመዓችን ሹራ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ አይደለም። የቃልና የፊደል እርማት ለጻፈው ሰው በውስጥ መስመር ይላክ፤ እሱ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ቴሌግራም የጻፉትን ማረም ይፈቅዳል። የፊቅህ ጥያቄ ሲመጣ ከመመለስ በፊት ጠያቂውን ስለ ሁኔታው የሚጠይቅ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ይመደቡ፤ የሚከብደውን ለኡስታዝ ያድርሱት። የመዝሀብ ልዩነት ላይ መወያየት የፈለገ ከዒሻ በኋላ መስጂድ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ኪታቡን ይዞ ይቀመጥ፤ ሻይ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። የመዋጮና የሒሳብ ጥያቄ ግን እዚያው ግሩፑ ላይ ይቆይ፤ አሚሩም እዚያው ይመልስ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።